የልቤ እልፍኝ አስከልካይ

መጀመሪያ ያወቁት ጉንዳኖች ናቸው። ቢቸና በተከራየሁት ቤት ጓሮ፣ ሌሊት ሌሊት እየወጣሁ የምሸናበት ጥግ ጠዋት ሳየው በጉንዳን ጠቁሮ ይገኛል። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ አለፍሁት። ያን ጊዜ አንድ የሚያውቅ ሰው፣ ጉንዳን ያለ ነገር አይሰበሰብም ብሎኝ ቢሆን ብዙ መንገድ በቀረልኝ። ስለዚህ የውሃ ጥም ይዟችሁ ሰውነታችሁ እየከሳ ያላችሁ ሁሉ፣ ነውር ነው ሳትሉ ከዚያው ከጓሮው ጀምራችሁ እንድታዩ ብዬ የሚያሳፍረውን አስቀደምሁት።

አገሬ ባሌ፣ ጎባ ነው። ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ መምህርት ሆኜ ወደ ጎጃም ተመደብሁ፤ ያን ጊዜ አብዮቱ ወደ ላከበት መሄድ እንጂ ለምን ብሎ መጠየቅ አልነበረም። ልጅ አልወለድሁም። የቢቸና ሰው ክፉ አላደረገብኝም፤ በገበያ ቀን እህል ጭነው የሚመጡት ባላገሮች እንኳ “የባሌዋ መምህርት” እያሉ ያውቁኝ ነበር። ግን ባዕድ ባዕድ ነው፤ ሲታመም ይታወቀዋል።

ጥማቱ ሌላ ነበር። ጠመኔ እንደ ያዝሁ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ወደ ውሃው ዞር እላለሁ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ቀሚሴን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ መሄድ ጀመርሁ። ክሊኒክ ሄድሁ። ከባላገር ከመጡ እናቶች ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ቀና እያልን፣ ፀሐይ ከአግዳሚው በዚህ ጫፍ ወጥታ በዚያ ጫፍ እስክትወርድ እንጠብቃለን። አንዲት የማላውቃት ሴት ከንፈሬን አይታ ለልጇ ከያዘችው ቅል ውሃ አጠጣችኝ፤ ያችን ሴት እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣታለሁ። መጀመሪያ የአንጀት ትል ነው ተባልሁ። ቀጥሎ ወባ። ቀጥሎ ደግሞ ክሳቴን አይተው ሳንባዋ ሳይሆን አይቀርም ብለው አክታዬን ተቀበሉኝ። ጎረቤቶቼ በበኩላቸው ቡዳ ነው ብለው ቆርጠው ነበር። ኮሶም ጠጣሁ፤ የቀረኝን አቅም ይዞት ወጣ።

በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጸበል ወሰዱኝ። ጸበሉን በቅል ሰጡኝ፤ ሳላወርድ ጨረስሁት። ደገሙልኝ፣ ያንንም ጨረስሁ። አብረውኝ የነበሩት ሴቶች፣ እንዲህ ያለ እምነት አይተን አናውቅም እያሉ ይደነቁ ጀመር፤ እንዲያውም አንዷ ለእኔም ጸልዪልኝ አለችኝ። የሚያጠምቁት አባት ብቻ አልተደነቁም። ወደ ጎን ጠሩኝና፣ “ልጄ፣ እምነትሽ ይደግሽ፤ ይኼ ግን ጥም ነው። እኔ አጠምቅሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ማርቆስ ውረጅ። ጸበሉም ሐኪሙም የአንድ ጌታ ነው” አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ የደረስሁት በእህል መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተደግፌ ነው። በሆስፒታሉ ሽንቴን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው በእሳት አፈሉት፤ ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ዐይኔ እያየ ጡብ መሰለ። ከእኔ በወጣ ውሃ ውስጥ ያ ሁሉ ቀለም መኖሩን ሳይ ፍርሃቴን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የስኳር በሽታ ነው አሉኝ። በየጠዋቱ ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ መወጋት፣ ከተወጉ በኋላ ሳይዘገዩ መብላት፣ መርፌውን መቀቀል፣ ብልቃጡን በውሃ በተሞላ ሸክላ ውስጥ ማቀዝቀዝ፤ ይህን ሁሉ ተማርሁ። ስኳሩ ወርዶ ጠዋት ጠዋት በሚርበኝ ጊዜ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ደረቴን ይደበድበዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ማንኪያ ስኳር ስቅም ይመለስልኛል። የሰውነቴን ጠባይ እንደ አዲስ ተማሪ አጠናሁት።

ወንድሜ አሰፋ ይህን ሰምቶ ከጎባ ድረስ መጣ። ልብሴን ራሱ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። እማማ ሌሊት አትተኛም፣ ሰው በሌለበት አገር ሞተሽ ማን ሊያለቅስልሽ ነው አለኝ። እኔም፣ ሐኪሙ የሚያውቀኝ እዚህ ነው፣ በሽታዬን እንደገና ለሌላ ማስተማር አልችልም አልሁት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። ሲሄድ ሻንጣውን አልፈታልኝም፤ እንደ ታሰረ ትቶት ሄደ። ለብዙ ጊዜ ልብሴን ከዚያው ሻንጣ እያወጣሁ ስለብስ ኖርሁ፤ መፍታቱ ለምን እንደ ከበደኝ አላውቅም።

ይህ ሁሉ የስኳሩ ነው። ልቤ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ የምትወስደውን ቀላል አቀበት ስወጣ ደረቴን አንድ ነገር ጨብጦ ይይዘኛል፤ ምንም ያልሆነ ሰው መስዬ ቆሜ አጥር አያለሁ። የደም ግፊትም አለ ተባልሁ። ያን ጊዜ ነው በማርቆስ ሆስፒታል ከዶክተር ጀማል ጋር የተዋወቅነው፤ የደሴ ሰው ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ሲናገር ረጋ ይላል። አንዲት ትንሽ ክኒን ሰጠኝና እንዴት እንደምትሠራ ሳልነግርዎት አልሸኝዎትም ያለ ይመስል ወንበሩን አቀረበ።

“ሰው ሲደነግጥ ልቡ ለምን ይመታል ይመስልዎታል?” አለኝ።

ፈርቶ ነዋ አልሁት።

“ልብ ራሷ አትፈራም፤ ይነገራታል” አለ። ከኩላሊት በላይ ቁጢጥ ካለች ትንሽ ዕጢ አድሬናሊን የሚባል መልእክተኛ እንደሚወጣ፣ በደም ተሳፍሮ ልብ ዘንድ እንደሚደርስ ነገረኝ። እንዲህ ያሉትን በደም የሚላኩ መልእክተኞች ሆርሞን ይሏቸዋል። ልብ ላይ ደግሞ ለዚህ መልእክተኛ ብቻ የተሠሩ፣ ዐይን የማያያቸው ደጆች አሉ። ደጁን ሲያንኳኳ ልብ ትሮጣለች። የታመመች ልብ ግን እንዲህ በየጊዜው መሮጥ ይጎዳታል። “ይህች ክኒን መልእክተኛውን አታስረውም፣ አትገድለውም። ደጁ ላይ ቀድማ ትቆማለች፤ መልእክተኛው ይመጣል፣ ቦታው ተይዟል፣ ይመለሳል። እልፍኝ አስከልካይ በሏት።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይህን ስም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አይጥሩት እንጂ፤ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ሊያሰኘን ይችላል” አለና ፈገግ አለ።

አልሳቅሁም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። አርባ ዓመት ተሸክሜው የኖርሁት ሥጋ ይህን ያህል ደጅ፣ ይህን ያህል ደጅ አንኳኪ እንዳለው ሳስብ በገዛ ራሴ ቤት እንግድነት ተሰማኝ። ስኳሩስ ደጅ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አለው አለ። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋ ያስገባል፤ ሌላ ደግሞ ጉበትን እንደ ጎተራ ከፍቶ ስኳር ወደ ደም የሚያስወጣ መልእክተኛ አለ። የእሱን ደጅ የሚጠብቅ መድኃኒት ቢገኝ የእኔ በሽታም ባልታሰበ መንገድ ይታከም ነበር፤ እስከ ዛሬ በእጃችን የለም፣ ሊቃውንቱ ግን ያስቡታል አለኝ። ያ ቀን ይመጣ ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከዚያ ፊቱ ከበድ አለ። “አሁን የምነግርዎትን ይያዙልኝ” አለ። “ስኳርዎ ሲያንስ እጅዎን የሚያንቀጠቅጠው፣ ልብዎን የሚያስመታው ይኸው መልእክተኛ ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ደግሞ ክፉውን ከደጉ አይለይም፤ ሁሉንም ይመልሳል። ከእንግዲህ ሊያስጠነቅቅዎት የሚመጣውን አይሰሙትም። አንድ ነገር ብቻ አይከለክልም፤ ላብን። ላብ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ብርድ ላብ ካዩ ስኳር ይቃሙ። እርስዎ እንኳ ባያስተውሉ አብሮዎት የሚኖር ሰው ይወቅልዎት።” ጾመኛ መሆኔን ስነግረው ደግሞ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ መምህርት፣ በእኛም ቤት ሕመምተኛ አይገደድም አለኝ። የነፍስ አባቴም ይህን ሰምተው ከጠዋት ጾም ፈቱኝ።

ብዙ ሳይቆይ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። አከራዬ እትዬ እንጉዳይ ይባላሉ፤ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የፈጠነ ሴት ናቸው። በገባሁ በሳምንቱ ስለ ስኳሩም፣ ስለ እልፍኝ አስከልካዩም፣ ስለ ላቡም አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው።

“እንግዲህ ልብሽ ባለ እልፍኝ ሆናለቻ” አሉኝ። “እኔ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ የመጣ ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባብኛል።”

ስኳር ያን ጊዜ የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ በወረፋ ነበር። እሱንም አንስተው፣ ለእኛ መንግሥት በወረፋ ይነፍገናል፣ ለአንቺ እግዚአብሔር ያለ ወረፋ ሰጠሽ እያሉ ያስቁኝ ነበር። ቀልዳቸው እንዲህ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነካ ሳያደርጉ አልፈው አያውቁም። የራሳቸውን የስኳር ድርሻም ለእኔ ያስቀምጡልኛል።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ። ሌሎቹ መምህራን ክረምቱን ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ኢንሱሊኑ ይበላሽብኛል ብዬ። በሞጣ በፍልሰታ የማይጾም የለም፤ ነፍስ ያላወቀ ሕፃን እንኳ እናቱን አይቶ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃል። እኔ በሬን ዘግቼ፣ ጭስ ሳላወጣ ያደረ ቂጣ እበላለሁ፤ ይህን ከእትዬ እንጉዳይ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ቂጣዬን ልቆርስ ስል ከጎረቤት እሪታ ተሰማ። ግድግዳ የምንጋራቸው ሽማግሌ ዐርፈው ኖሯል። በአገሩ ደንብ የለቅሶ ጩኸት ሰምቶ በእጁ የያዘውን ያልጣለ ሰው አይባልም። ባዕድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ዛሬ ለሰው ያልደረሰ ነገ ማን ይደርስለታል? ቂጣውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁና ሮጥሁ። ስኳር ከሱቁ ከጠፋ ሰንብቶ ስለ ነበር ሌላ የያዝሁት አልነበረም። ታዲያ በፍልሰታ፣ በሬሳ ፊት፣ ደረታቸውን በሚመቱ ሴቶች መካከል ቂጣ የሚቆርስ አፍ ከየት ይመጣል? ቆይ ትንሽ፣ ቆይ ትንሽ እያልሁ አስከሬኑን ተከትዬ ቤተ ክርስቲያን ደረስሁ። እጄን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። ልቤን አዳመጥሁት፤ ዝግ ብላ ትመታለች። ደኅና ነኝ አልሁ። ልቤም በእልፍኟ ተከብራ ተቀምጣ ነበር፤ ውጭ የሚጮኸውን አልሰማችም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ እትዬ እንጉዳይና ሌሎቹ የነገሩኝን ነው።

መቃብሩ አፈር ሲለብስ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየኝ የሞተውን ባሌን በስሙ እየጠራሁ ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ክንዴን ያዙና፣ “ይኼ ሳቅ የእሷ አይደለም። ጸበል አምጡ” አሉ። ጸበል መጣ። በራሴ ላይ አፈሰሱት፣ በፊቴ ረጩት፣ ደገሙት። እኔ ስወላገድ፣ ቃሌ ሲሰባበር እነሱ ደስ አላቸው፤ ሊለቃት ነው፣ እየደከመ ነው ይሉ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ለማያውቋት ሴት በዚያ ብርድ ቆመው ያለቅሱ፣ ይጸልዩ ነበር። ግን መድኃኒቱ ምልክቶቼን ሁሉ ዘግቶ አንዲት ላቤን ብቻ ትቶልኝ ነበር፤ እሷንም ጸበሉ አጠባት።

እትዬ እንጉዳይ ከሟቹ ዘመዶች ጋር ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ሰው ገፍተው ደረሱና እንደ ልማዳቸው ግንባሬን ነኩ። እርጥብ ነው። አንገቴም እርጥብ፣ ልብሴም እርጥብ።

“ላብ ነው ወይስ ውሃ ነው?” አሉ።

“ጸበል ነው። ዞር በይ እንጉዳይ፣ ሊለቅ ነው” አሏቸው ወይዘሮ የሻረግ።

እትዬ እንጉዳይ ዞር አላሉም። በነጠላቸው ፊቴን ጥርግ አድርገው አደረቁት። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳያፈስስ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉና ጠበቁ። ከላይኛው ከንፈሬ በላይ እንደገና ጤዛ የመሰለ ነገር ብቅ ሲል በጣታቸው ወሰዱና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

“ጨው ነው” አሉ። “ጸበል ጨው የለውም። ይህች ልጅ ጋኔን አልያዛትም፤ ርቧታል።”

በፍልሰታ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ጾም የያዘ ሕዝብ ፊት ርቧታል ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት አረጋዊ ካህን፣ ጫጫታውን ሰምተው ከቤተ ልሔም ወጡ፤ ኅብስቱና ወይኑ ከሚሰናዳበት ቤት ማለቴ ነው። እትዬ እንጉዳይ እግራቸው ላይ ወድቀው፣ አባ፣ ማርም ይሁን ስኳር፣ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰች አሁን ትሞትብናለች አሉ። ማርም ስኳርም አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ትንሽ አሰቡ፤ ተመልሰው ገቡና ለዕለቱ ቅዳሴ በውሃ የዘፈዘፉትን ዘቢብ ይዘው መጡ።

“አባ፣ እሱ ለቅዳሴው ነው እኮ” አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

“ገና አልተባረከም” አሉ ቄሰ ገበዙ። “ዳዊት በራበው ጊዜ የበላው ግን የተባረከውን ነበር።”

ዘቢቡን በእጃቸው እየጨመቁ ጥቂት በጥቂት አፌ ውስጥ አንጠባጠቡልኝ። እትዬ እንጉዳይ ጉሮሮዬን ያሹ ነበር፤ ዋጪ፣ ዋጪ የኔ ልጅ፣ እያሉ።

እኔ የማስታውሰው ከዚህ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጣዕም መጣ፤ ከየት እንደ መጣ የማላውቀው ጣፋጭ። ከዚያ የጥዱ ቅርንጫፍ፣ ዝናብ የያዘ ሰማይ፣ ከላዬ የጎነበሱ ብዙ ፊቶች። የዘቢብ ውሃ ያራሰው የካህኑ እጅ። የሆነውን ሲነግሩኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ ቅዳሴውስ ነበር።

ቅዳሴው ዘገየ። ከሌላ ደብር ዘቢብ እስኪመጣ ድረስ ሰው ተላከ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ ከቀብር የቀረውም፣ ለቅዳሴ የመጣውም፣ ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያዘለችውም በቅጽሩ ውስጥ በዝናብ ቆመው ጠበቁ። ከወትሮው የመፍቻ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰው አልሄደም፣ ያጉረመረመም አልሰማሁም። እኔ ብቻ በደጀ ሰላሙ ጥግ፣ በእትዬ እንጉዳይ ነጠላ ተጠቅልዬ፣ ከነጠላዬ ጫፍ የተቋጠረው ቂጣ ጭኔ ላይ ተፈትቶ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ መብላት አልቻልሁም። ቄሰ ገበዙ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

“ብዪ” አሉኝ። “ይኸው አገሩ ሁሉ ስለ አንቺ ይጾማል። አንቺ ብዪ።”

ቂጣውን ቆረስሁ። እንባዬና ዝናቡ ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየሁትም። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ቆርቤአለሁ፤ ቂጣ እየበላሁ እግሬ ስር ያለው ምድር የተቀደሰ የመሰለኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተር ጀማል ይህን ሲሰማ የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰልኝ፣ ክኒኗን ግን አላስተወኝም፤ በድንገት ማቋረጥ ልብን ይጎዳልና እናንተም ከሐኪም ሳትማከሩ እንዳትተዉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ደረቴን የሚጨብጠኝ ነገር ለቀቀኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አጥር ለማየት አልቆምም። ሻንጣዬንም ፈትቼዋለሁ። እናቴ ከጎባ ሰው ባገኘች ቁጥር ዘቢብ ትልካለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለቄሰ ገበዙ ነው። የአሰፋም ኩርፊያ በዘቢቡ አለቀ፤ አምና ይዞት የመጣው ራሱ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሽታችሁን ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ደጃችሁን የሚጠብቅ መድኃኒት ከተሰጣችሁ ደግሞ የላባችሁን ነገር የሚያውቅ ሰው በአጠገባችሁ ይኑር። እግዚአብሔር በልብ ላይ ስንት ደጅ እንደሠራ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ለእኔ ግን ከሥጋዬ ውጭም ብዙ ደጅ ጠባቂ እንዳቆመልኝ በሞጣ አሳይቶኛል።

ዘንድሮም ፍልሰታ ነው። ጠዋት ቁርሴን በሬን ከፍቼ እበላና ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ወይዘሮ የሻረግ በሴቶች በር ቆመው ይጠብቁኛል። ሰላምታ ሳይሰጡኝ አስቀድመው ያንን ወፍራም እጃቸውን ገልብጠው ግንባሬን ይነኩታል። ከኋላቸው ላሉት ሴቶች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣

“ደረቅ ነው” ይላሉ። “ትግባ።”